የቆመ ባቡር የመጨረሻ ቀኖችን እንዴት እንጠይቅ? እንዴትስ እንጻፍ?

አባቴን «የመጨረሻው ባቡር ያለፈው መቼ ነው?» ብዬ የጠየቅኩት እዚሁ ጎንደር፣ ማራኪ ያለው ቤታችን በረንዳ ላይ ነው። አባቴ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ በሚሄደው በአሮጌው መስመር የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ሥራው ባቡሩን ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው የሚያስገባውን መቀየሪያ በክንዱ እየሳበ ማዞር ነው፤ አብዛኛውን የሥራ ዘመኑን ያሳለፈው ደግሞ በአዋሽና በድሬዳዋ መካከል ባለው ሚኤሶ ጣቢያ ነው። ጥያቄዬን ሰምቶ ትንሽ ዝም አለ። «እንጃ ልጄ» አለና ስኒውን አነሣ። ያን ቀን ስለ ባቡር ሌላ ቃል ከአፉ አልወጣም።

ረስቷል ብዬ ተውኩት። ለካ አልረሳም፤ ጥያቄዬ ነው መልስ የሌለው። ይህን እስክረዳ አንድ ዓመት ሙሉ ባከነ፤ በሰማንያ ዓመት ሰው ዕድሜ ላይ አንድ ዓመት ብዙ ነው። አባቱ፣ አያቱ ወይም ጎረቤቱ የባቡር ሰው የነበረ አንባቢ እንደ እኔ ጊዜ እንዳያባክን ነው ይህን የምጽፈው። ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ወረቀት በእጄ ያልፋል። ስለ ወረቀት የምለው ከዚያ የተማርኩት ነው። ስለ ሰው የምለው ከአባቴና ከእናቴ ጋር ካሳለፍኳቸው የቡና ሰዓቶች ነው።

«መቼ ቆመ?» አትበሉ

ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚወስደው አሮጌው መስመር 784 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ነበረው። አጼ ምኒልክ ፈቃዱን ለስዊሳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ከጅቡቲ በኩል ተጀምሮ ድሬዳዋ በ1895፣ አዲስ አበባ ደግሞ በ1909 ገባ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሲከፈት በአንድ ቀን አልተከፈተም። ሲዘጋም እንደዚያው ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ሲቆም፣ ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ ያለው ከዚያ በኋላም እየቆመ እየተነሣ ዘልቋል። ለአቃቂ ሰው የመጨረሻው ቀን አንድ ነው፤ ጅቡቲ ድንበር ላይ ላለው ለደወሌ ሰው ሌላ ነው።

እዚያው ሚኤሶ ላይ እንኳ ስንት «መጨረሻ» አለ! መንገደኛ የጫነው የመጨረሻ ባቡር አለ። ጭነት ብቻ ይዞ ያለፈው አለ። የቀሩትን ፉርጎዎች ሊሰበስብ የመጣው ባዶ ሞተር አለ። አባቴ «እንጃ» ያለው ከእነዚህ የቱን እንደምጠይቀው ስላልነገርኩት ነው። በዚያ ላይ መስመሩ ሲቆም «ዛሬ አበቃ» ብሎ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ሳምንት ያልመጣ ባቡር በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል ብለው ጠበቁ። እየጠበቀ የነበረን ሰው መጨረሻው መቼ ነው ብሎ መጠየቅ ትርጉም የለውም፤ ለእሱ ያኔ መጨረሻ አልነበረማ።

መጠየቅ ያለበት እጁ ነው። እንዲህ ስል፣ ሰውዬው በየቀኑ በእጁ ይሠራው የነበረውን አንድ ትንሽ ነገር ትይዙና ለመጨረሻ ጊዜ የሠራበትን ትጠይቃላችሁ። ከዓመት በኋላ አባቴን «የመቀየሪያውን ክንድ ቅባት መቀባት የተውከው መቼ ነው?» አልኩት። ቀና አለ።

«ቅባቱ ሲያልቅ ነዋ» አለኝ።

ከዚያ ሳላቋርጠው ተናገረ። ጠዋት ጠዋት በቆርቆሮ ጣሳ ቅባት ይዞ ይወጣል፤ የሐዲዱን ምላስ፣ ከሥሩ ያለውን የሚንሸራተትበትን ብረት፣ የክንዱን መጋጠሚያ ይቀባል። የሚኤሶ አቧራ በአንድ ሌሊት ያደርቀዋል። ባቡሩ መምጣት ካቆመ በኋላም መቀባቱን አልተወም፤ ድንገት ቢመጣና ክንዱ ባይዞር ተጠያቂው እሱ ነው። ጣሳው እየጎደለ ሄደ። መጀመሪያ በየቀኑ፣ ኋላ በሁለት ቀን አንዴ፣ ከዚያ በሳምንት አደረገው። መጨረሻ ላይ የጣሳውን ግድግዳ በጨርቅ ጠረገና ያችን ቀባ። ሌላ ጣሳ የሚያመጣ አልነበረም። ጨርቁን በኦሞ አጥቦ የጣቢያው አጥር ላይ አሰጣው። «ያን ጨርቅ አጥቤ አላውቅም ነበር፤ ምን ይታጠባል፣ ነገ ሊቆሽሽ» አለኝ። ለአባቴ መስመሩ የተዘጋው ያን ጨርቅ ያጠበ ቀን ነው።

ስለዚህ ከመጠየቃችሁ በፊት የሰውዬውን ሥራ እወቁ። ትኬት ቆራጭ ከነበሩ፣ የመጨረሻውን ጥራዝ ቀሪ ለማን እንዳስረከቡ ጠይቁ። ሾፌር ከነበሩ፣ ሞተሩን ሲያጠፉ አጠገባቸው ማን እንደነበረ፣ ወርደው በየት በኩል እንደሄዱ። ጥበቃ ከነበሩ፣ ቁልፉ ዛሬ የት ነው? ቁልፍ ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ ከጠየቅኳቸው ሦስት ሰዎች ሁለቱ ቁልፍ አላቸው፤ በሩ የለም።

አባታችሁን «አንተ» ብትሉም ሌላውን ሽማግሌ አንቱ በሉ። ጎንደር ላይ ይህን መንገር አያስፈልግም ይባል ይሆናል። ግን ወጣቶች መቅጃ ሲይዙ ድምፃቸው እንደ ጋዜጠኛ ይለወጥና አክብሮቱ ሲጠፋ ሰምቻለሁ። ሽማግሌው ያን ጊዜ መልሳቸው ያጥራል።

ቡናው፣ ስልኩና ሙቀጫው

ጊዜው ጠዋት ይሁን። ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ቁርስ ከተበላ በኋላ፣ ሁለተኛው ቡና ላይ ከሆነ በጣም ጥሩ ነው፤ አቦሉ ላይ ገና ሰላምታ ነው፣ በረካው ላይ ሰው መነሣት ይጀምራል። ለቅሶ ቤትና ማኅበር ላይ አትቅዱ። እዚያ ሰው ለጉባኤው ነው የሚናገረው።

ቡናው ተቆልቶና ተወቅጦ ያልቅ፣ ከዚያ ቅጂው ይጀመር። የመጀመሪያው ቅጂዬ ላይ የአባቴ ድምፅ በሙቀጫ ተውጧል፤ የሚሰማው ዱቅ ዱቅ ብቻ ነው። ስልኩን በቀጥታ ጠረጴዛ ላይ አታድርጉት፣ የስኒው ኳኳታ ሁሉ ይገባል፤ ነጠላ አጥፋችሁ ከላዩ አስቀምጡት፤ አፉም ወደ ተናጋሪው ይዙር። የበረራ ሁነታ ላይ አድርጉት። እኔ ይህን ባለማድረጌ አንድ ስልክ ተደወለና ቅጂው ተቋረጠ፤ አርባ ደቂቃ ያህል አባቴ ሲናገር ስልኩ ባዶ ነበር። ያንን ወሬ ደግሜ ጠየቅኩት፤ ነገረኝ፣ ግን ያንኑ አልነገረኝም። ሁለተኛ የተነገረ ነገር አጥንቱ ብቻ ይቀራል።

መብራት ሊሄድ ይችላልና ስልኩ ከማታ ጀምሮ ይሞላ። ቅጂው ሲጀምር ቀኑን፣ ቦታውንና የተናጋሪውን ስም በአፋችሁ ተናገሩ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ፋይሉን የሚከፍተው ሰው እናንተን ላያገኛችሁ ይችላል። ከአንድ ሰዓት በላይ አታስኬዱት። ሽማግሌው ደክመው እንኳ ለእናንተ ሲሉ ይቀጥላሉ፤ ማቆም ያለባችሁ እናንተ ናችሁ።

መስመሩን መሬት ላይ አውርዱት

ድሬዳዋ ብንሆን ሰውዬውን ይዘን ጣቢያው ድረስ በእግር እንሄዳለን፤ ግንቡ፣ ሐዲዱና አቴልዬው (የጥገና ክፍሉ) ራሱ ያስታውሰዋል። እዚህ ጎንደር ሐዲድ የለም፤ ኖሮም አያውቅም። ጎረቤት እንኳ ነገሩ አይገባውም። አባቴ ጡረታ ወጥቶ ወደ ትውልድ አገሩ ሲመለስ አዘዞ ያሉት አክስቴ «ባቡር ላይ ነበርኩ» ሲላቸው «የማን ባቡር? በቀን ስንት ኩንታል ትፈጭ ነበር?» ብለውት ነበር። እውነታቸውን ነው፤ እዚህ አገር ባቡር ማለት የእህል ወፍጮው ነው። ቃሉ እንፋሎት ከሚለው የባዕድ ቃል የመጣ ነው፤ በሞተር የሚሠራ ነገር ሁሉ አንድ ጊዜ ባቡር ተብሏል። ግን አባቴ ከዚያ በኋላ ለዘመድ ስለ ሥራው ማውራት ተወ። የሚያስታውስ ሰው የሚረዳው ሰው ካጣ ዝም ይላል፤ ስለዚህ መስመሩን ማምጣት ያለባችሁ እናንተ ናችሁ።

እኔ እንዲህ አደረግኩ። ከሱቄ ስድስት ኤ ፎር ወረቀት ወሰድኩና በቁመታቸው አያያዝኳቸው። ከዳር እስከ ዳር አንድ መስመር ሳብኩ፤ በአንዱ ጫፍ ለገሃር፣ በሌላው ጅቡቲ ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ እርሳሱን ለአባቴ ሰጠሁት። «ጣቢያዎቹን አንተ ሙላ» አልኩት። አቃቂ፣ ደብረ ዘይት፣ ሞጆ፣ ናዝሬት፣ ወለንጪቲ፣ መተሐራ፣ አዋሽ። ቢሾፍቱና አዳማ አላላቸውም፤ እኔም አላረምኩትም። ሚኤሶ ላይ ሲደርስ እርሳሱን አስቀምጦ ከረከቦቱ አጠገብ ካለው ሳህን ሁለት የቡና ፍሬ አነሣ።

«ሐዲዱ አንድ ነው» አለኝ። «ሁለት ባቡር ፊት ለፊት ሲመጣ አንዱ ጣቢያ ላይ ገብቶ ይጠብቃል። ይቺ ከአዲስ አበባ የመጣችዋ ናት።» አንዷን ፍሬ ከአዋሽ በኩል እየገፋ አመጣና ከመስመሩ ወደ ጎን አስወጣት። በአውራ ጣቱ ወረቀቱን ጫን ብሎ ወደ ራሱ ሳበ፤ ክንዱን መሳቡ ነው። ሁለተኛዋን ፍሬ ከድሬዳዋ በኩል አሳለፋት። ከዚያ አውራ ጣቱን መለሰና የመጀመሪያዋን ወደ መስመሩ አስገባት። አፉ ድምፅ አልባ ሆኖ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ይቆጥራል። ፉርጎ ይቆጥር እንደነበር ያኔ ነው ያወቅኩት። የመጨረሻው ፉርጎ ማለፉን ሳያረጋግጥ ክንዱን መመለስ አይችልም።

ያን ሁሉ ዓመት አብሬው ኖሬ፣ ሁለት የቡና ፍሬ እስኪይዝ ድረስ አባቴ ምን ይሠራ እንደነበር አላውቅም ነበር። የእናንተም ሰው እጁ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። ፊሽካ፣ ባትሪ፣ ባርኔጣ ካለ አውጡለት።

ልጆች ካሉ አንድ ሜትር ገመድ ቁረጡ። የአሮጌው ሐዲድ ስፋት ልክ አንድ ሜትር ነው። መስከረም 25 ቀን 2009 የተመረቀው አዲሱ ባቡር 1 ሜትር ከ43 ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው፤ መንገዱም ጣቢያውም ሌላ ነው። የእኔ ልጆች ሁለቱን አንድ አድርገው ስለሚያስቡ አያታቸው «ቆመ» ሲል «ይሄዳል እኮ፣ በቴሌቪዥን አይተናል» ይሉት ነበር። ገመዱን ግቢ ውስጥ ዘርግቶ በሁለቱ ጫፍ ላይ ሁለት እግሩን አድርጎ ካሳያቸው ወዲህ አላሉትም።

ቃሉን አታርሙ

ያ የሥራ ቤት ፈረንሳይኛ ይናገር ነበር፤ ኩባንያው የፈረንሳይ ነበርና። ለገሃር ራሱ «ላ ጋር» ነው፣ ጣቢያው ማለት። ፉርጎም የእነሱው ነው። አባቴ የጣቢያ ኃላፊ አይልም፤ «ሼፍ ደ ጋር» ነው የሚለው። የጥገና ክፍል አይልም፤ «አቴልዬ» ነው። በዚያ ላይ ኦሮምኛው፣ ሶማልኛው፣ አፋርኛው በየጣቢያው ይገባል። ስትጽፉ እንደ አነጋገሩ ጻፉት። ከጎኑ ሌላ ደብተር ላይ የቃሉን ፍች ራሱ እንዲነግራችሁ አድርጉ፤ መዝገበ ቃላት ውስጥ ያለው ፍች ሳይሆን እሱ የሚለው። አንድ ሰው ሲሞት የሚሄደው ወሬው ብቻ አይደለም፤ ያን ቃል በዚያ ትርጉም የሚጠራው ምላስ ይሄዳል።

የቀን አቆጣጠሩን ግን ካላጣራችሁ ትሳሳታላችሁ። ወረቀቱ በፈረንሳይኛ ከሆነ ዓመቱ የፈረንጅ ነው፤ ሰውዬው ሲናገሩ የእኛ ነው። ሁለቱ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይለያያሉ። «በ2000 ነው የቆመው» እና «በ2008 ነው የቆመው» የሚሉ ሁለት ሰዎች ሲከራከሩ ብታዩ አንድ ነገር እያሉ ሊሆን ይችላል፤ ከሁሉ በፊት በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጠይቁ። ሰዓትም እንደዚያው ነው። ወረቀቱ 14 ሰዓት ካለ ከቀኑ ስምንት ነው። ሰውዬው ዓመቱን ካላስታወሱ አታስጨንቋቸው። ትልቋ ልጅ ስንተኛ ክፍል ነበረች? ከየትኛው ፋሲካ በፊት ነው? ዝናብ ነበር? ብላችሁ ተጠጉት።

ሁለት ሰዎች የማይገጥም ነገር ቢነግሯችሁ ሁለቱንም ጻፉ። አንዱ «ውሸታም ነው» ቢል እንኳ አትፍረዱ፤ የቆሙበት ጣቢያ የተለያየ ነው።

ስለ አዋሽ

በጥር 1977 አዋሽ አጠገብ የመንገደኛ ባቡር ሐዲዱን ስቶ ከ400 በላይ ሰው አልቋል። የዚያ ዘመን የባቡር ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ወይ ዘመድ፣ ወይ የሥራ ባልደረባ፣ ወይ ትናንት ትኬት የቆረጠለት መንገደኛ ነበረበት። እናንተ አታንሡት። እኔ አላነሣሁም። አንድ ቀን፣ ስለ ፉርጎ አቆጣጠር እየተናገረ ሳለ አባቴ ራሱ ገባበት፤ ስሜቱን ሳይሆን ያን ሌሊት ስልኩ ስንት ጊዜ እንደ ጮኸ ነው የነገረኝ።

እንዲህ ሲሆን ቅጂውን አታቁሙ፤ አታጽናኑም። «እግዜር ያውቃል፣ ተወው አባዬ» ማለት ለእኛ የሚቀል ነው፤ ለተናጋሪው በር መዝጋት ነው። ዝም ብላችሁ አዳምጡ። ሲጨርስ ውኃ ስጡት፣ ቆይታችሁም ስለሚወደው ነገር ጠይቁት፤ በዚያ ሐዘን ላይ ትታችሁት አትነሡ። በሚቀጥለው ቀን ደግሞ ያ ክፍል ይቀመጥ ወይስ ይጥፋ ብላችሁ ጠይቁት። አባቴ «ይቀመጥ፣ ግን ለልጆቹ አሁን አታሰሚ» አለኝ። እንደዚያ አድርጌአለሁ።

እናቶችን ጠይቁ

ይህን ዘግይቼ ነው ያወቅኩት፤ ዘግይቼ ማወቄ ይቆጨኛል። እኛ ከእናታችን ጋር ድሬዳዋ ነበርን፣ አባቴ ሚኤሶ። ስለ ባቡር የማዋራው እሱን ብቻ ነበር። አንድ ቀን እናቴ ጀበናውን እያጠበች «እኔንስ አትጠይቂኝም?» አለችኝ።

እሷ የነገረችኝ ይህ ነው። የአባቴ እረፍት ሲደርስ ባቡሩ ከሁርሶ በኩል ሲመጣ ጡሩምባው ከቤት ይሰማል። ጡሩምባው ሲሰማ ሽሮውን ትጥዳለች። ከጣቢያ ቤት በእግር እስኪደርስ ይበስላል፤ አንድም ቀን አሳስታው አታውቅም። ባቡሩ ከቆመ በኋላ አባቴ በአውቶቡስ ይመጣ ጀመር። «ድንገት በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ሽሮው አልተጣደም። አፈርኩ» አለችኝ። ባሏን በትኩስ ወጥ ሳትቀበለው ያ የመጀመሪያዋ ነበር።

ባቡሩ የነጋዴ ሴቶችም ነበር። ከደወሌ ልብስና ሸቀጥ ይዘው ድሬዳዋ የሚገቡ ሴቶች በዚያ መስመር ልጅ አሳድገዋል፤ ሲቆም ከሠራተኛው እኩል እንጀራቸው ተቋርጧል። እነሱ ጡረታ የላቸውም፣ መታወቂያ ወረቀት የላቸውም፤ ካልጠየቃችኋቸው የትም አልተጻፉም። ያመላልሱት ከነበረው ቀረጥ ያልተከፈለበት ካለ ስማቸውን አትጻፉ።

ወረቀቱ

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ፤ አሮጌ ወረቀት ላሚኔት አታስደርጉ። በሳምንት አንድ ሰው የአባቱን የሥራ ምስክር ወረቀት ወይም የሠርግ ፎቶ ይዞ «አሽጊልኝ፣ እንዳይበላሽ» ይለኛል። እምቢ እላለሁ፤ ገንዘቡም ይቅርብኝ። ማሽኑ ይሞቃል፣ ፕላስቲኩ ወረቀቱ ላይ ይቀልጣል፣ ከዚያ ወዲያ መለየት አይቻልም። አሮጌ ፎቶ ደግሞ ሙቀቱ ላይ ፊቱ ሊነሣ ይችላል። የአባቴ የቡድን ፎቶ፣ ሚኤሶ ጣቢያ ፊት ለፊት ከባልደረቦቹ ጋር የተነሣው፣ ሌላ ከተማ አንድ ቤት ውስጥ እንዲህ ታሽጎ መካከሉ ላይ አረፋ ሠርቷል። የሁለት ሰዎች ፊት አረፋው ሥር ነው። እሱ ማንነታቸውን ያውቃል፤ እኔ ግን መልካቸውን አላየሁም።

የተቀደደውንም በፕላስተር አትለጥፉ፤ ሙጫው ይቢጫል፣ ወረቀቱን ይበላል። ስቴፕለር ካለበት በቀስታ ንቀሉት፣ ይዝጋል። ፎቶ ጀርባ ላይ ስም ስትጽፉ በእርሳስ ይሁን፣ በቀስታ፣ ጠርዝ ላይ፤ እስክሪብቶ ወደ ፊት ይወጣል።

ስካን የምታደርጉ ከሆነ ፎቶውን 600 ዲፒአይ፣ ወረቀቱን 300 አድርጉት። ጀርባውንም አንሡ። የአባቴ የፈቃድ ወረቀት ጀርባ ላይ የእናቴ የሽንኩርትና የዘይት ሒሳብ አለ፤ ከፊቱ ይልቅ ጀርባውን እወደዋለሁ። ስካነር ከሌለ በስልክ ይሆናል፤ መስኮት አጠገብ፣ ፍላሽ ሳይበራ፣ ስልኩ ከወረቀቱ ጋር ትይዩ ሆኖ። በቴሌግራም ስትልኩ በፎቶ ሳይሆን በፋይል ላኩት፤ አለበለዚያ ያንሰዋል። ቢያንስ ሦስት ቦታ ይኑር፤ አንዱ ፍላሽ ላይ፣ አንዱ ስልክ ወይም ኮምፒዩተር ላይ፣ አንዱ ሌላ ከተማ ያለ ዘመድ ዘንድ። ዋናውን ወረቀት በፖስታ ውስጥ አድርጋችሁ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ደረቅ ቦታ አኑሩት። የጎንደር ክረምት ረጅም ነው፤ ፌስታል ውስጥ የታሰረ ወረቀት እስከ መስከረም ይሻግታል።

መልሳችሁ አንብቡለት

ጽፋችሁ ስትጨርሱ ወደ ሰውዬው ተመለሱ። ይህን የሚያደርግ ጥቂት ነው፤ እኔ ግን የሥራው ግማሽ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ጮክ ብላችሁ፣ ቀስ ብላችሁ፣ አንድ ቀን ከአንድ ሰዓት ሳይበልጥ አንብቡለት። የሚያርመውን አርሙ፣ ውጣ ያለውን አውጡ።

ለአባቴ ያነበብኩለት ባለፈው ጥር፣ ከጥምቀት ማግስት ነው። እንግዳው ሄዶ ቤቱ ጸጥ ብሎ ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ፣ አመልካች ጣቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያዳምጣል። ስለ ቅባቱ ሳነብ አልተናገረም። ስለ ጨርቁ ሳነብም ዝም አለ። መስመሩን ከለገሃር ጀምሬ መዘርዘር ስጀምር ጣቱ በየጣቢያው ጉልበቱን መታ መታ ያደርግ ጀመር። አዋሽ፣ አሰቦት፣ ሚኤሶ፣ አፍደም፤ ጣቱ ቆመ።

«ሙሉስ?» አለኝ።

ወረቀቱን አየሁ። ስተይበው ዘልዬዋለሁ።

«ከሚኤሶ ቀጥሎ ሙሉ ናት፣ ከዚያ ነው አፍደም። ባቡር ሙሉን ሳይነካ አፍደም አይገባም» አለ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ። «እንደገና ከለገሃር አንሺው።»

በእርሳስ ጻፍኳትና ከለገሃር ጀመርኩ።